ክፍሉን መቅዳት፦ ፒያሳ ላይ ከከበሮና ከማሲንቆ ጋር

ሰሞኑን የክፍል ማይክ ነገር ይዞኛል፤ ከመሣሪያው ርቆ የክፍሉን ድምፅ የሚይዘው ማይክ ማለቴ ነው። የምንቀዳው ፒያሳ ባለ አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ወለሉ ጣውላ፣ ኮርኒሱ ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም የጭቃ። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ እንዲህ ያሉ ቤቶች ጥቂት ቀርተዋል። ስለዚህ መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም መቅዳት እፈልጋለሁ። ቤታችሁ ለምትቀዱ ይጠቅማል ያልኩትን ላካፍላችሁ።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው የክፍሉ ማይክ ፊቱን ከመሣሪያው ሲያዞር ነው። ከበሮው አጠገብ አንድ ማይክ አለ፤ ምቱንና ቆዳውን እሱ ይይዛል። ሁለተኛውን አርቀን ወደ ከበሮው ካዞርነው የሚመጣው ያው ምት ነው፣ ደከም ብሎና ዘግይቶ። ሁለቱ ሲደመሩ አንዳንዱ ድምፅ ይጠፋፋና ከበሮው ይሳሳል። ካርዲዮይድ ማይክ (በፊቱ አጉልቶ፣ በጀርባው ደከም አድርጎ የሚሰማው) ግን ፊቱን ለግድግዳው ሲሰጥ ቀጥታው ድምፅ በደካማ ጎኑ ይገባል። የሚጎላው ግድግዳና ኮርኒስ ነክቶ የተመለሰው ነው። ፊገር ኤት ያላችሁ ደግሞ ታድላችኋል። ይህ ማይክ ከፊትና ከኋላ ይሰማል፤ ግራና ቀኙ ግን ድፍን ነው። ድፍኑን ጎን ለከበሮው ስጡት። ቤቱ ብቻውን ሲናገር ትሰማላችሁ።

ርቀትን በተመለከተ አንድ ነገር ከገባን ብዙ ድካም ይቀንሳል። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ቀጥታው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል። ክፍሉን የሞላው ነጸብራቅ ግን ብዙም አይወርድም። ስለዚህ ከግማሽ ሜትር ወደ አንድ ሜትር መሄድ ጆሮ ላይ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ከ3 ሜትር ወደ 3 ሜትር ተኩል ግን እምብዛም። ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ቦታ በትናንሽ ክፍሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር ያነሰ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትቀዱ ሰዎች «ክፍሌ ጠባብ ስለሆነ አይሆንም» ስትሉ እሰማለሁ። ርቀት ላይ አይደለም ችግሩ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ነጸብራቁ ቶሎ ስለሚመለስ ከቀጥታው ጋር ይጋጫል። እዚያ ማይኩን ማዞር ከማራቅ ይበልጣል።

ቦታ የምመርጠው በጆሮ ነው። ከበሮው እየተመታ አንድ ጆሮዬን ደፍኜ ክፍሉን እዞራለሁ። ጎንበስ እላለሁ፣ ወንበር ላይ እወጣለሁ። ደስ ያለኝ ቦታ ላይ ማይኩ ይቆማል። ጎርናናው ድምፅ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። በ4 ሜትር ርቀት ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ግድግዳዎች 43 ኸርዝ አካባቢ የራሳቸው ድምፅ አላቸው፤ ግድግዳው ሥር ይበረታል፣ መሀል ላይ ይጠፋል። ከበሮው ክብደት ካነሰው ኦምኒ ማይክ (ከሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚሰማውን) ወደ ጥግ ማስጠጋት፣ ጎርናናውንና ቀጭኑን ለይቶ ከፍ ዝቅ በሚያደርገው ኢኪው ከመግፋት ይሻላል።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ስለሆነች ድምፅ እዚህ በሌላ ፍጥነት ይሄዳል ወይ ብሎ የጠየቀኝ አለ። አይደለም። ፍጥነቱን የሚወስነው የአየሩ ሙቀት እንጂ መሳሳቱ አይደለም። 20 ዲግሪ ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ነው። በሜትር 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ያዙ።

ይህ ቁጥር ሚክስ ላይ፣ የተቀዱትን ትራኮች ስናዋህድ፣ ይጠቅማል። የክፍሉን ትራክ ጎትቶ ከቅርቡ ማይክ ጋር ማገጣጠም የተለመደ ነው። እኔ ግን አልወደውም። መዘግየቱ ነው የቤቱን ስፋት የሚነግረን። እንዲያውም 10 ወይም 15 ሚሊ ሰከንድ ሲጨመርበት ክፍሉ ይሰፋል። በሩን ከፍቶ ማይኩን ኮሪደር ላይ ማቆምም እንደዚያው ነው። የዚህ ቤት ኮሪደር ረጅም ነው፤ ከየትኛውም ፕለግኢን ሪቨርብ (በኮምፒውተር ከሚጨመር ማስተጋባት) በላይ እወደዋለሁ።

በስቴሪዮ ለመቅዳት ሁለት ካርዲዮይድ በ17 ሴንቲ ሜትር ርቀትና በ110 ዲግሪ ከፍቶ ማቆም፣ ኦአርቲኤፍ የሚባለው፣ ለጀማሪ አስተማማኝ ነው። የሆነ ሆኖ በሞኖ፣ ግራና ቀኙን ወደ አንድ ደምራችሁ፣ አዳምጡት። ሥራችንን ብዙ ሰው የሚሰማው በስልክ ስፒከር ነው።

ማሲንቆ ሌላ ዓለም ነው። ቅርብ ማይክ የቀስቱን ፍትጊያ ያጎላዋል። አዝማሪው ደግሞ እየዘፈነ ነው የሚጫወተው፤ ለየብቻ ማይክ ቢሰጣቸው አንዱ ወደ ሌላው ይፈስሳል። እዚህ ቅርቡን ማይክ ጭራሽ ትቼዋለሁ። አንድ ኦምኒ፣ አንድ ሜትር ተኩል ላይ፣ በደረት ከፍታ። ማሲንቆው ከበዛ ማይኩ ቀና ይላል፤ የአዝማሪው ድምፅ ከበዛ ዝቅ ይላል። አብሮን የሚሠራው ጋሼ ወንበሩን እሱ ራሱ ነው የሚመርጠው። «እዚህ ጋ ራሴን እሰማለሁ» ካለ እዚያው እንቀዳለን፤ ራሱን የሚሰማ ሰው ድምፁን አያስጨንቅም። የድሮ ሸክላዎቻችን ላይ የምንወደው ሙቀት አንዱ ምንጭ ይህ ይመስለኛል፤ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው እየተደማመጡ ነው የተጫወቱት።

ክራር ላይ ክፍል ማይክ ብዙም አልገፋሁበትም። ድምፁ ለስላሳ ስለሆነ ማይኩ ከፍ ሲል መንገዱም አብሮ ይገባል። ክፍል ማይክ ሁሉን ነው የሚሰማው፤ የታክሲ ረዳቱን፣ ጥሩምባውን፣ ፍሪጁን። የጎላውንና የደከመውን ድምፅ የሚያቀራርበው ኮምፕረሰር ሲጫን ደግሞ ይብሳል። ፍሪጁ ከሶኬት ይነቀላል፤ ቀረጻው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነው፣ የንጋቱ ድምፅ ማጉያ ሳይጀምር። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሥር አይታሰብም።

ቀጣዩ ዋሽንት ነው። ትንፋሹን በቅርብ፣ ዜማውን ከኮሪደሩ ልይዘው አስቤያለሁ። በዚህ መንገድ የቀዳችሁ ካላችሁ የማይኩን ዓይነትና ከበሩ ያለውን ርቀት ንገሩኝ።