ሃያ ስምንት መገጣጠሚያ

ሰሞኑን አንድ ሐሳብ አላስተኛ ብሎኛል። ብጽፈው ይሻላል። ስለ ቁርጥማት ነው፤ በተለይ ሐኪሞች ሩማቶይድ አርትራይተስ ስለሚሉት። የሰውነት መከላከያ ጀርም መዋጋት ሲገባው ዞሮ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያቆስልበት በሽታ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ኮምቦልቻ ኮምፒውተር ነው የማስተምረው። ግን ካለፈው ክረምት ወዲህ ከሥራ ስወጣ የማነበውም፣ ኮድ የምጽፈውም፣ ከሰው ጋር የማወራውም ስለዚሁ ሆኗል። ኮምፒውተርና ሰው ሰራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ይህን በሽታ ለመረዳት ምን እየሠሩ ነው? ከዚያስ ውስጥ ለእኛ ሰው የሚደርሰው የቱ ነው?

ወደዚህ ያስገባችኝ እቴቴ ናት። አክስቴ ናት፣ ያሳደገችኝም እሷ ናት፣ ደሴ ነው የምትኖረው። ድሮ እንዝርት ስታሾር ጣቷን በዓይን መከተል ያቅት ነበር። ቡና ወቅጣ፣ ሊጥ አቡክታ፣ እንጀራ ጋግራ ደከመኝ አትልም። አሁን የሻሿን ጫፍ መቋጠር ያስቸግራታል። ጠዋት ስትነሳ እጇ አይታዘዝላትም፤ ለብ ባለ ውሃ ነክራው ካልቆየች ሲኒ እንኳ አታነሳም።

ሕመሙ ሲጀምራት ሰፈሩ በሙሉ "ብርድ ነው" አለ። ደሴ ላይ ይህን ማለት ይቀላል፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ሰብሮ ይገባል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ እኔ ጋ ኮምቦልቻ ስትሰነብት ደግሞ ትንሽ ቀለል ይላታል፣ ስለዚህ እሷም አመነች። ሙቀት የደረቀን መገጣጠሚያ ያፍታታል፣ እውነት ነው። በሽታውን የሚያመጣው ግን ብርድ አይደለም። ቅባት ተቀባች፣ ወጌሻ አሻት፣ ዱዓ ተደረገላት፣ ማስታገሻ ዋጠች። ከዚያ ሰው የነገራትን ፕሬድኒሶሎን ከመድኃኒት ቤት እየገዛች መውሰድ ጀመረች፤ በጣም ተሻላት፣ በኋላ ግን ፊቷ ማበጥ ጀመረ። ፕሬድኒሶሎን ሐኪም አዝዞት ለአጭር ጊዜ ሲሆን ጥሩ መድኃኒት ነው። ለብዙ ጊዜ ሲወሰድ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ደም ግፊት ያስከትላል፣ በአንዴ ማቋረጡም አደገኛ ነው።

ትክክለኛው ምርመራ ተገኝቶ ሜቶትሬክሴት የሚባለውን የበሽታውን ዋና መድኃኒት ስትጀምር አንዳንድ ጣቶቿ ጎብጠው ነበር። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በዚህ በሽታ የመጀመሪያዎቹ ወራት ወሳኝ ናቸው፤ ያኔ በደንብ ከታከመ አጥንቱ ሳይበላ ማቆም ይቻላል፣ የተበላው ግን አይመለስም። (መሃል ላይ አንድ ነገር ልበል። ሜቶትሬክሴት ለዚህ በሽታ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ተሳስቶ በየቀኑ የዋጠ ሰው ሊሞት ይችላል። ቤታችሁ የሚወስድ ሰው ካለ ዛሬውኑ ጠይቁልኝ።)

ወደ ኮምፒውተሩ ልመለስ። ድሮ ተመራማሪዎች ከታመመ ጉልበት ትንሽ ናሙና ወስደው የጂኖቹን ሥራ ሲለኩ የሚያገኙት የሁሉንም ሴሎች ድምር ነበር። ይህ ጦሳ ላይ ቆሞ የሰኞ ገበያን ጫጫታ እንደ መስማት ነው፤ ገበያው መድመቁ ይሰማል፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ግን አይታወቅም። አሁን ያለው ቴክኖሎጂ እያንዳንዱን ሴል ለብቻው ይመረምራል። በዚያ ሴል ውስጥ የትኞቹ ጂኖች ሥራ ላይ እንደሆኑ ይቆጥራል። የሚወጣው ትልቅ ሰንጠረዥ ነው፦ በአንድ በኩል ሴሎቹ በመቶ ሺዎች፣ በሌላ በኩል ወደ 20,000 የሚጠጉ ጂኖች፣ አብዛኛው ሳጥን ዜሮ። ይህን በዓይን አንብቦ የሚዘልቅ ሰው የለም። የስሌት ሥራው የሚጀምረው እዚህ ነው፤ የሚመሳሰሉትን ሴሎች ይሰበስባል፣ ይቧድናል፣ ከዚያ ባዮሎጂ የሚያውቅ ሰው ቡድኖቹን አይቶ ማንነታቸውን ይለያል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት አለ። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከ79 ሰዎች የመገጣጠሚያ ውስጠኛ ሽፋን ከ314,000 በላይ ሴሎች ተመረመሩ። ከዚያ ታማሚዎቹ በሽፋናቸው ውስጥ በበዛው የሴል ዓይነት ሲደረደሩ ስድስት ቡድን ወጣ። በአንዱ ቡድን ቲ ሴልና ቢ ሴል የሚባሉት ወታደሮች ሞልተዋል። በሌላው ደግሞ እነሱ ያን ያህል የሉም፤ የበዙት ፋይብሮብላስት የሚባሉ የሽፋኑ የራሱ ሴሎች ናቸው። ካርዱ ላይ ግን የሁሉም በሽታ አንድ ስም ነው ያለው! እቴቴና አንዲት ጎረቤቷ ያንኑ መድኃኒት እየወሰዱ አንዷ ወደ ገበያ ስትመለስ ሌላዋ ለምን አልጋ ላይ እንደቀረች ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። መልሱ እዚህ አካባቢ ሊሆን ይችላል ብዬ አስባለሁ።

የሚያስደስተው፣ ብዙው ዳታ በነፃ የሚወርድ መሆኑ ነው። ፕሮግራሞቹም በነፃ ናቸው። መብራት ካልጠፋና ኔትወርኩ ከተባበረ ኮምቦልቻ ላይ ተቀምጦ ቦስተን የተሰበሰበ ሴል መቧደን ይቻላል። ላፕቶፑ ካልቻለ የዳታውን ከፊል ቀንሶ መሥራት ነው፣ ወይም ጉግል ኮላብ ላይ መጫን፤ ኮዱን በኢንተርኔት በጉግል ኮምፒውተር የሚያስኬድ አገልግሎት ነው። ለተማሪዎቼ የማሳያቸው አንድ ወጥመድ አለ። ናሙናዎቹ ከተለያዩ ሆስፒታሎች ሲመጡ ስሌቱ አንዳንዴ የሚለየው በሽታውን ሳይሆን ናሙናው የተዘጋጀበትን ቤተ ሙከራ ነው። ሥዕሉ ሲወጣ በጣም ያምራል፣ ቀለም በቀለም ሆኖ ተለያይቶ ይታያል፤ የለየው ግን ማሽን ከማሽን ነው። ማሽኑ ሐሰት አልተናገረም፣ የተሰጠውን ልዩነት ነው ያገኘው። ስለዚህ ዳታው ከየት፣ ከማን፣ እንዴት እንደመጣ ሳይጠይቁ ውጤት ማመን አይገባም።

ከየት፣ ከማን ስል ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከ100,000 በላይ ሰዎች የተካተቱበት የዘረመል ጥናት ከዚህ በሽታ ጋር የተያያዙ 101 የዲኤንኤ ቦታዎችን አሳይቷል። ትልቅ ሥራ ነው። ሰዎቹ ግን የአውሮፓና የእስያ ዝርያ ያላቸው ናቸው። ፒቲፒኤን22 የሚባለውን ጂን እንውሰድ። በአውሮፓውያን ዘንድ ለበሽታው የሚያጋልጥ አንድ የታወቀ ለውጥ አለው፣ በጣም ጠንካራ ከሚባሉት ምልክቶች አንዱ ነው። በአፍሪካውያን ላይ ያ ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ በዚያ ዳታ የሰለጠነ ኤአይ ደሴ መጥቶ እቴቴን ቢያይ ምን ይላል? የሚፈልገውን ምልክት አያገኝም። "አደጋዋ ዝቅተኛ ነው" ብሎ ያልፋታል፣ እሷ እጇን ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣ።

ይህን የሰማ ሁሉ "እንግዲያው የእኛን ሰው ዲኤንኤ እንመርምር" ይለኛል። ትክክል ነው፣ መደረግ አለበት። ከዚያ የሚቀድም አለ የሚያሰኘኝ ግን ሌላ ጥናት ነው።

የዚህን በሽታ ታማሚዎች የሚረዱ ቲኤንኤፍ የሚባለውን እብጠት የሚያባብስ የሰውነት ንጥረ ነገር የሚያግዱ ውድ መርፌዎች አሉ። ከታማሚዎቹ ወደ አንድ ሦስተኛው ላይ አይሠሩም፣ ማን ላይ እንደማይሠሩም አስቀድሞ አይታወቅም። ድሪም ቻሌንጅ በሚባል ክፍት ውድድር 73 የምርምር ቡድኖች ይህን ለመተንበይ ሞከሩ። የታማሚዎቹ የዘረመል ዳታ ተሰጣቸው። ተራው የሕክምና መረጃም ተሰጣቸው፦ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ ሲጀምሩ የሕመሙ ደረጃ። በዘመኑ አሉ የተባሉ የስሌት ዘዴዎች ተሞከሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ዘረመሉ ሲጨመር ትንበያው ይህ ነው የሚባል መሻሻል አላሳየም። ትንበያውን የተሸከመው ተራው መረጃ ነበር። ሐኪም ወይም ነርስ እጅ ዳስሳ፣ ጠይቃ፣ የጻፈችው።

ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነስቼ ነው የተንቆራጠጥኩት። የሕመሙ ደረጃ የሚለካው ምን ሆኖ መሰላችሁ? አንዱ ዋና መንገድ 28 መገጣጠሚያ መቁጠር ነው። ሁለት ትከሻ፣ ሁለት ክርን፣ ሁለት አንጓ፣ ሁለት ጉልበት፣ ቀሪው ሃያ የእጅ ጣቶች መገጣጠሚያ ነው። ስንቱ አብጧል፣ ስንቱ ሲነካ ያማል? በዚያ ላይ አንድ የደም ምርመራና የታማሚው የራሱ ግምት ይጨመራል። መቁጠሩ ማሽን አይፈልግም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። የሰለጠነ እጅና እስክሪብቶ ይበቃዋል።

ባለፈው ደሴ ስወጣ እቴቴን "ልቁጠርልሽ" አልኳት።

"ምኑን ነው የምትቆጥሪው ልጄ፣ የቀረ አለና?" አለች።

"ሁሉንም። ሲያምሽ በይኝ።"

እጇን ሰጠችኝ። አንድ በአንድ በአውራ ጣቴ ጫን እያደረግኩ ሄድኩ። እያንዳንዱን አብረን ተነጋገርንበት፤ ይህኛው ባለፈው ረመዳን ጊዜ ብሶ ነበር፣ ያኛው ዝም ብሏል፣ ይህኛው የሚያመው ልብስ ስትጨምቅ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ሰው እንዲህ ጠይቋት እንደማያውቅ ነገረችኝ። ካርዷ ላይ የሰፈረው በአብዛኛው "የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መድኃኒቱ ይቀጥል" የሚል ነው። የሚጽፉትን አልወቅስም። በር ላይ የተሰለፈውን ሰው አይቼዋለሁ፣ አንድ ሐኪም ስንቱን ይችላል። ግን ከዚያ ጽሑፍ ኮምፒውተር ምንም አይማርም። ሐኪሙም ቢሆን መድኃኒቱ እየሠራ መሆን አለመሆኑን ከዚያ አያውቅም።

ራጅ የሚያነብ ኤአይስ? አለ። የእጅና የእግር ራጅ አይቶ አጥንቱ ምን ያህል እንደተበላ ነጥብ የሚሰጥ ተሠርቷል፣ ለምርምር ይጠቅማል። ራጅ ላይ በደንብ የሚታየው ግን ካለፈ በኋላ ያለው ጉዳት ነው፤ እኔ የምፈልገው ሳይበላ በፊት የሚያስጠነቅቅ ነው። ሰው ደግሞ የኖቤሉን ያነሳብኛል። እ.ኤ.አ. በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ለዴቪድ ቤከር፣ ለዴሚስ ሃሳቢስና ለጆን ጃምፐር ሲሰጥ ዋናው ነገር ኮምፒውተር የፕሮቲንን ቅርጽ መተንበይና መንደፍ መቻሉ ነበር። በጣም ትልቅ ነገር ነው፣ መድኃኒት ፍለጋውን ያግዛል። ከቅርጹ እስከ ደሴ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው።

ተስፋ የሰጠኝ ሌላ ሥራ አለ፣ በስም በሚቀራረብ ሌላ በሽታ ላይ የተሠራ። ልጆች ጉሮሯቸውን በስትሬፕቶኮከስ ታመው ሳይታከሙ ሲቀሩ የአንዳንዶቹ መገጣጠሚያ ያብጣል፣ ያ ያልፍና የልብ በራቸው ሊበላሽ ይችላል። ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል፣ ከሩማቶይድ የተለየ ነው፣ በፔኒሲሊን መከላከል ይቻላል፣ እኛም አገር ስንት ወጣት ይዞብናል። ይህን በልብ አልትራሳውንድ የሚለይ ኤአይ ሲሠራ ከተጠቀሙባቸው ምስሎች መካከል የዩጋንዳ ልጆች ምስሎች አሉበት። ማሽኑ አፍሪካዊ ልብ አይቶ ተማረ ማለት ነው። የሆነው ደግሞ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ምስሎቹን በሥርዓት ስለሰበሰበ ነው።

ስለዚህ አቋሜን ልናገር። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ኤአይ እንሥራ የሚል ወጣት ሲመጣ ደስ ይለኛል፣ ተማሪዎቼንም አበረታታለሁ፣ ሞዴል ማሰልጠኑን ግን ሁለተኛ እናድርገው። አንደኛው መዝገቡ ነው። በአንድ ገጽ የሚያልቅ፣ የሁለት እጅ ሥዕል ያለው፣ ያበጠው ላይ ክብ የሚደረግበት፣ የሚያመው ላይ ጭረት፣ ጠዋት እጅ እስኪፍታታ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ የሚጻፍበት፣ መድኃኒቱና መጠኑ ያለበት ቅጽ። በየቀጠሮው አንድ ገጽ። ይህ ለሁለት ዓመት በአግባቡ ቢሞላ ዓለም የሌለው ዳታ እኛ ዘንድ ይኖራል። ዲኤንኤው ሲመጣም የሚያያዝበት ነገር ያገኛል፤ ዲኤንኤ ብቻውን ሆኖ ማን እንደተሻለው ካልታወቀ ምን ይነግረናል?

ቅጹን ሠርቼዋለሁ። ለማውቃት አንዲት ሲስተር አሳየኋት። አየት አድርጋ "ይሄ እኮ አምስት ደቂቃ ይወስዳል" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አምስት ደቂቃ እዚያ ክፍል ውስጥ ብዙ ነው። ከዚያ ራሷ መላ አመጣች፦ ታማሚዎቹ ተራ ሲጠብቁ የሚያማቸውን ራሳቸው ሥዕሉ ላይ ያመልክቱ፣ እሷ እብጠቱን ብቻ ትይ። ማንበብ ለማይችሉትም ሥዕል ስለሆነ ይሆናል። ከእኔ ቅጽ የሷ ይሻላል፣ እንደገና እያስተካከልኩት ነው።

የቀረው የፈቃድ ጉዳይ ነው፣ እሱን እንዲሁ በቀላሉ አላልፈውም። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥር 1321። የጤና መረጃ ደግሞ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስም ይወጣል፣ በምትኩ መለያ ቁጥር ይገባል፣ ስምና ቁጥሩን የሚያገናኘው ዝርዝር ሆስፒታሉ ጋ ይቆለፋል። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው ሳይፈቅድ አንድ ገጽ አይሞላም። የፈቃድ ወረቀቱም ለእቴቴ ሳነብላት መሃል ላይ "ምን ማለት ነው?" የማትለኝ አማርኛ መሆን አለበት። የመጀመሪያውን ረቂቅ አነበብኩላት። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አስቆመችኝና "ዳታው ወደ ውጭ ከሄደ መልሱ ለኔ ይመጣል ወይ?" አለች። ይህ ጥያቄ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። አሁን ገብቷል፣ መልሱን ደግሞ ከኮሚቴው ጋር ቁጭ ብለን መጻፍ አለብን።