ፕሪየስ ታክሲ ስነዳ የተማርኩት

ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ስጀምር የያዝኩት ክራውን ቪክቶሪያ ነበር፤ ሰፊ፣ ምቹ፣ ቤንዚን የማይጠግብ መኪና። ከተማ ውስጥ በአንድ ጋሎን ከ16 ማይል አያልፍም። በቀን 150 ማይል ያህል ስለምነዳ ከዘጠኝ ጋሎን በላይ ይፈጅብኝ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. ያገለገለ የ2010 ሞዴል ፕሪየስ ገዛሁ፤ የቤንዚንም የኤሌክትሪክም ሞተር ያለው መኪና ነው። የመንግሥት መለኪያ በከተማ 51 ማይል ይሰጠዋል፤ እኔ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ40 ያለፈ አላየሁም።

ጥፋቱ የአነዳዴ ነበር። መብራቱ ጋ እስክደርስ ነዳጅ እረግጥና ድንገት ፍሬን እይዛለሁ። አውሮፕላን ማረፊያው ሰልፍ ላይ ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ሾፌር ይህን ሲሰሙ፣ «ቀዩን መብራት ከሩቅ ካየህ እግርህን አንሳ፤ ተመልሶ የሚመጣልህን ለምን ታቃጥለዋለህ?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ፍሬን ቀስ ተብሎ ሲያዝ የኤሌክትሪክ ሞተሩ እንደ ዲናሞ እየሠራ የጎማውን ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሳል። በኃይል ሲረገጥ ግን የፍሬኑ ሸራ ይገባና ያ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በወሩ 47 ማይል ደረስኩ፤ በየቀኑ ወደ ስድስት ጋሎን ተረፈኝ። በብርድ ወራት ቁጥሩ ይወርዳል፤ ማሞቂያው ሙቀት የሚያገኘው ከቤንዚን ሞተሩ ስለሆነ ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ይነሳል።

የቤንዚን ሞተሩ አሠራር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። መሠረቱ እንግሊዛዊው ጄምስ አትኪንሰን በ1880ዎቹ ያፈለቀው ሐሳብ ነው። የማስገቢያው ቫልቭ ዘግይቶ ስለሚዘጋ ፒስተኑ ሲወጣ ከገባው አየር ከፊሉን መልሶ ያስወጣዋል። የሚታመቀው ያንሳል፤ ተቃጥሎ ፒስተኑን የሚገፋበት ርቀት ግን ረጅም ነው፤ ስለዚህ ከተመሳሳይ ቤንዚን ብዙ ሥራ ይገኛል። እንዲህ ያለ ሞተር መኪናን ከቆመበት ለማስነሳት ይደክማል፤ ያንን ድካም የሚሸፍነው የኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው።

በሦስተኛው ዓመት፣ በሐምሌ ሙቀት፣ ከኋላ ወንበር አካባቢ የማራገቢያ ድምፅ በረታ። ችላ አልኩት። ከሳምንታት በኋላ የማስጠንቀቂያ መብራት በራ። አንድ ጋራዥ ባትሪው በሙሉ ይቀየር አለኝ። መካኒክ ወዳጄ ሲከፍተው የማራገቢያው ምላጮች በአቧራና በፀጉር ተሸፍነዋል፤ ባትሪው አየር አጥቶ በሙቀት ተጎድቷል። በውስጡ ከተደረደሩት 28 ትናንሽ ባትሪዎች ሁለቱ ሞተዋል። ከተፈታ መኪና ሁለት አምጥተን ተካን፤ ርካሽ ነበር። በስምንተኛው ወር ሌላው ሞተ። ሁሉም በአንድ መስመር የተያያዙና እኩል ያረጁ ስለሆኑ፣ አንዱን ባዳንኩ ቁጥር ቀጣዩ ደካማ ይታያል። በመጨረሻ ሙሉውን አዲስ ገዛሁ፤ የጥገናው ገንዘብም የቆምኩባቸው ቀናትም ከስረው ቀሩ።

አሁን ዘይት በቀየርኩ ቁጥር ማራገቢያው እንዲጸዳ አደርጋለሁ። ተሳፋሪ ከኋላ ሲገባም ሻንጣው በወንበሩ ጎን ያለውን የአየር ማስገቢያ እንዳልሸፈነው ዞር ብዬ አያለሁ።