ንቅንቅ የማይለው ቤት

ለተውኔታችን ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። በርና መስኮት ያለው፣ በኮምፔንሳቶ የተለበጠ፣ ትዕይንት ሲቀየር ከመጋረጃ ጀርባ እየተገፋ የሚወጣ ቤት። ለቀለሙ ሦስት ቀን ተጨነቅኩ። ጎማውን ያስታወስኩት ግን ከምርቃቱ አንድ ቀን በፊት ነው። ተመልካች ጎማ ሊያይ አይመጣ!

ቤቱ 240 ኪሎ ይመዝናል። ለአራት ሲካፈል 60። ስለዚህ 60 ኪሎ እንደሚችሉ የተጻፈባቸውን አራት ጎማዎች መረጥኩና በስሌቴ ኮራሁ። የመድረክ ወለል ግን ጠረጴዛ አይደለም፤ አንዱ ጣውላ ትንሽ ዝቅ ካለ አራተኛው ጎማ አየር ላይ ይቀርና ሸክሙ ሁሉ ለሦስቱ ይተርፋል። 240ን ለሦስት ማካፈል ደግሞ ለእኔም ቢሆን አያቅተኝም ነበር።

እንዳይታዩ ብዬ የመረጥኳቸው ባለ 5 ሳንቲ ሜትር ናይለኖች ናቸው። ጠንካራ ስለሆኑ በቀላሉ ይንከባለላሉ፤ ይህ እውነት ነው። ጩኸታቸውን ግን ማንም አልነገረኝም። ሁለተኛው ትዕይንት ሌሊት ነው፤ መብራቱ ደብዝዟል፣ ሕፃኑ ተኝቷል፣ እናትየው በሹክሹክታ ታወራለች። በዚህ መሐል ቤቴ ድንጋይ እንደጫነ ጋሪ እየተንገጫገጨ ደረሰ። ከዚያም ጣት የማትሞላ የመብራት ገመድ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። አራት ሆነን ስንገፋው ወደ ፊት ዘመም ብሎ ለተመልካቹ እጅ ነሣ።

«ትንሽ መልሱት!» አለ አዘጋጁ ከጀርባ። መለስነው። ተዟዟሪ ጎማ መሬት የሚነካው ከተሰካበት አንገት ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቶ ነው። አቅጣጫ ሲቀየርበት መጀመሪያ ራሱ ግማሽ ዙር ይዞራል፤ እስኪዞር ድረስም የተሸከመውን ነገር ወደ ጎን ይገፈትራል። የእኔ አራቱም ተዟዟሪ ነበሩ። አራቱም በየፊናቸው ዞሩ። ቤቱ እንደ ሰካራም ወደ ግራ ተወላግዶ የእናትየውን ወንበር ይዞ ሄደ።

«ፍሬን አለው፣ አይዟችሁ» ብዬ በእግሬ ረገጥኩት። የእኔ ፍሬን ጎማው እንዳይንከባለል ያደርጋል እንጂ አንገቱ እንዳይዞር አያደርግም። ሁለቱንም የሚይዝ ፍሬን መኖሩን የሰማሁት በማግስቱ ነው።

አሁን አባትየው ይገባል። የተውኔቱ ትልቁ ንግግር የእሱ ነው። በሩን ተደግፎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «እኔ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም!» አለ።

እሱስ ቃሉን ጠብቋል። ቤቱ ግን አንገቱን ዞር አደረገና፣ ናይለኑ በተወለወለው ወለል ላይ ሸርተት አለና፣ አባትየውን እንዳቀፈ አንድ እርምጃ ሄደ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እናትየው ቀና ብላ አየችውና ከጽሑፉ ውስጥ የሌለ ቃል ተናገረች፦ «እንግዲህ ቤቱም መሮታል!»

በዚያ ተውኔት እንደዚያ የተሳቀበት ቦታ የለም። ችግሩ፣ የምንሠራው ትራጄዲ ነበር።

ጎማዎቹን ቀይሬያለሁ። ከኋላ ሁለት ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ከፊት ሁለት ተዟዟሪ፣ ሁሉም ባለ 12.5 ሳንቲ ሜትር፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ፖሊዩሬቴን (ከናይለን ለስለስ ያለ ፕላስቲክ)፣ እያንዳንዳቸው ከ100 ኪሎ በላይ የሚችሉ። ቤቱ ቦታው ሲደርስ ደግሞ ከሥሩ የእንጨት ሽብልቅ እንሰካለን። አባትየው ግን እስካሁን ያቺን ቃል ከመናገሩ በፊት በጫማው ጫፍ ሽብልቁን ይዳብሳል።