ከአጭር ቆይታ በኋላ

ተማሪዎቻችን ለአንድ መንፈቅ ዓመት ውጭ አገር ተምረው የሚመለሱበትን ዕድል ከሽርሽር የሚቆጥሩ ባልደረቦች አሉኝ። እዚህ ሐዋሳ ሳስተምር ያየሁት ግን ከዚህ የተለየ ስለሆነ ዛሬ ልጽፈው ወደድሁ።

ባለፈው ሰሞን ጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት አካባቢ የውኃ ናሙና ለመቅዳት ተማሪዎች ይዤ ወርጄ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ አውሮፓ ተምራ የተመለሰች ናት። ክዳን ከክዳን ሊቀያየር ስለሚችል፣ የናሙናውን ቁጥር የምትጽፈው በጠርሙሱ ገላ ላይ ነበር። ከቤተ ሙከራ የተጣራ ውኃ የሞላችበት አንድ ጠርሙስም ይዛ መጥታ፣ ወንዙ ዳር ከፍታ ከዘጋችው በኋላ ከሌሎቹ ጋር በረዶ ሳጥኑ ውስጥ አኖረችው። ጓደኞቿ ምክንያቱን ሲጠይቋት፣ በዚያ ጠርሙስ ውስጥ ብክለት ከተገኘ የመጣው ከወንዙ ሳይሆን ከእኛ አያያዝ እንደሆነ አስረዳቻቸው። ይህን በክፍል ውስጥ ሁላችንም እናስተምራለን፤ ልማድ የሚሆነው ግን ሰው ሁሉ እንዲሁ በሚሠራበት ቦታ ሲሰነብቱ ነው። ቀጥላም «መምህር፣ የፒኤች (የአሲድነት) መለኪያው የተስተካከለበት ቀን የት ተመዝግቧል?» አለችኝ። ተማሪ መምህሩን በሰው ፊት እንዲህ መጠየቁ በእኛ ዘንድ ብዙም አልተለመደም፤ እኔን ግን እጅግ ደስ አሰኘኝ።

እ.ኤ.አ. በ1987 በአውሮፓ አገሮች መካከል የተጀመረው ኢራስመስ የተባለው የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም ዛሬ ለእኛም ተማሪዎች ክፍት ነው። በዚህ መንገድ የሚሄድ ተማሪ ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ ለኑሮውም ድጎማ ያገኛል። ዲግሪውን የሚጨርሰው እዚሁ በመሆኑ ያየውን ይዞ ወደ ጓደኞቹ ይመለሳል፤ ስለዚህ የቆይታውን ማጠር እንደ ጉድለት አልቆጥረውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ከተመለሰ በኋላ ያለው ነው። ተማሪው ከመሄዱ በፊት የሚወስዳቸው ኮርሶች ተዘርዝረው እሱ፣ ላኪውና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ይፈራረማሉ። ኢሲቲኤስ በሚባለው የአውሮፓ የትምህርት ነጥብ አቆጣጠር አንድ ነጥብ ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚወስድ ሥራ ነው፤ የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርትም 60 ነጥብ ይይዛል። ይህን ያህል የተለፋበት ትምህርት የኮርሱ ስም ከእኛው ጋር አልገጠመም ተብሎ ሲጣል አይቻለሁ። የማውቀው አንድ ትጉህ ልጅ በዚህ ምክንያት ኮርሶቹን ደግሞ ወስዶ፣ ከእሱ በኋላ ከገቡት ጋር ተመረቀ፤ ሐዘኑ እስካሁን አልወጣልኝም።

አሁን ደግሞ ሁለት ተማሪዎቻችን ለመሄድ እየተዘጋጁ ነው። የሚወስዷቸው ኮርሶች የትኞቹን ኮርሶቻችንን እንደሚተኩ በትምህርት ክፍሉ ተወስኖ ቃለ ጉባኤው ከፋይላቸው ጋር ሳይያያዝ፣ ለቪዛ ቀጠሮ ወደ አዲስ አበባ እንዳይነሡ ነግሬያቸዋለሁ።