ሥሩን አሳዪኝ

ያንን ኦርኪድ የገዛሁት ቤቴ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሕይወት ያለው ነገር እንዲኖር ፈልጌ ነበር። ብቻውን በስደት የኖረ ሰው ይህን ይረዳኛል። ከሌሊት ሥራ ተመልሼ በሩን ስከፍት የሚቀበለኝ ጸጥታ ብቻ ነበር፤ መስኮቱ ዳር አንድ ተክል ከተቀመጠ በኋላ ግን ጫማዬን ሳላወልቅ መጀመሪያ እሱን ማየት ለመድኩ። አበቦቹ ነጫጭ ነበሩ፤ በረዥሙ ዘንግ ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ያረፉ ይመስላሉ። ዝርያው ፋላኖፕሲስ እንደሚባልና ትርጉሙም በግሪክኛ የእሳት እራት የሚመስል ማለት እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው።

አበባው ሦስት ወር ያህል ቆየልኝ። ረግፎ ሲያልቅ ተክሉን ልብ ብዬ አየሁት። በጠባብ ፕላስቲክ ውስጥ ተጨናንቋል፤ ሥሮቹም መውጫ ያጡ ይመስል ከላይ ወደ አየር ወጥተዋል። አሳዘነኝ። ሰፊ ማሰሮ ገዛሁለት፣ ጥሩ ጥቁር አፈር ሞላሁ፣ በአየር ላይ የነበሩትን ሥሮች ሳይቀር ቀበርኳቸው። ያን ቀን ትልቅ ውለታ የዋልኩለት መስሎኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆነ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም መገርጣት ጀመረ፤ የቀሩት እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈሰፈሱ። ጠምቶታል ብዬ ውኃ ጨመርኩ፤ ርቦታል ብዬ ማዳበሪያ ሰጠሁት። ባጠጣሁት ቁጥር ባሰበት።

የምሠራው አረጋውያን በሚኖሩበት ቤት ነው። ከምንከባከባቸው መካከል ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ አንዲት እናት ብዙ ዓመት ኦርኪድ ሲያሳድጉ ኖረዋል። አንድ ቀን ፀጉራቸውን እያበጠርኩላቸው ስለ ተክሌ ነገርኳቸው። «ቢጫው የጀመረው ከታች ነው ወይስ ከመሐል?» አሉኝ። ከታች ነው አልኳቸው። «እንግዲያው ጊዜ አለሽ» አሉ። ቅጠሎቹ የሚገናኙበት መሐል ቢጫ ሆኖ ከለሰለሰ የሚያድገው ጫፍ መበስበሱ ነው፤ ያ ሲሆን ማዳን በጣም ይከብዳል። ፎቶ አንሥቼ ባሳያቸው ግን ቅጠሉን ለማየት እንኳ አልፈለጉም። «ሥሩን አሳዪኝ» አሉኝ።

በማግስቱ ተክሉን ከማሰሮው አወጣሁት። ሽታው ብቻ ሁሉን ይናገር ነበር። ሥሮቹ ቡናማ ሆነዋል፤ ስነካቸው ቆዳቸው እየተገፈፈ ቀጭን ክር ብቻ እጄ ላይ ይቀራል። መሐላቸው ላይ ደግሞ ያላሰብኩት ነገር አገኘሁ፤ ተክሉ ገና ትንሽ ሳለ የተተከለበት፣ ሞስ ከሚባለው እርጥብ ቦታ ላይ የሚበቅል ለስላሳ ተክል የተሠራ፣ እንደ ስፖንጅ ውኃ የሚይዝ ጉብታ አሁንም እንደ ራሰ ነው። ከመደብር የሚገዙ ብዙ ኦርኪዶች ይህ ጉብታ አላቸው። ላዩ ደርቆ ሲታይ ውስጡ ርጥብ ስለሚሆን ሰውን ያታልላል።

እናቲቱ ነገሩን ያስረዱኝ በትዕግሥት ነው። ይህ ተክል በተፈጥሮው አፈር አያውቅም። በሞቃታማዎቹ የእስያ ደኖች ዛፍ ላይ ተጠግቶ ይኖራል፤ ሲጠጋ ግን የዛፉን ምግብ አይወስድም፣ መቆሚያ ብቻ ነው የሚሻው። ሥሮቹ ዝናብ ሲመጣ ቶሎ የሚመጥ ነጣ ያለ ሽፋን አላቸው፤ ከዝናቡ በኋላ ነፋስ ያደርቃቸዋል። ወደ አየር የወጡት ሥሮች እንግዲህ ተጨንቀው አልነበረም፤ ኑሯቸው እንደዚያ ነው። አፈር ውስጥ ስቀብራቸው አየር ነፈግኳቸው፣ በሰበሱ። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውኃ መምጠጥ ስለማይችል ተክሉ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። እኔ ያየሁት መጠውለግ ያ ነበር።

መቀሱን በአልኮል ጠርጌ የበሰበሰውን ሁሉ ቆረጥኩ፤ የሞሱን ጉብታ በጣቴ ለቀምኩት። የተረፉት አራት ጠንካራ ሥሮች ነበሩ። ለእነሱ የሚበቃ ትንሽ፣ ቀዳዳ ያለውና ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ መረጥኩ፤ የሞላሁትም ለኦርኪድ የሚሸጠውን የዛፍ ቅርፊት ነው። ቁስሉ እንዲደርቅ ለጥቂት ቀናት ውኃ አልሰጠሁም። በእውነት ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው፤ እየደከመ ያለን ነገር ዝም ብሎ ማየት ለእኔ ከባድ ነው። ማዳበሪያውንም አዲስ ሥር እስኪወጣ ድረስ አቆምኩ። ከቤት ማሞቂያው ደረቅ አየር አርቄ፣ ብርሃን ወዳለበት ግን ፀሐይ በቀጥታ ወደማይመታው ቦታ አዛወርኩት።

ቢጫውን ቅጠል ልቆርጠው ስል እናቲቱ ከለከሉኝ። ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ናይትሮጂንና ሌላ የሚጠቅመውን እየሳበ ለአዲሱ ያስቀምጣል፤ ሲጨርስ ቅጠሉ ራሱ ደርቆ ይለቃል አሉኝ። እንዳሉትም ሆነ። የተበጠሰ ሥር ያለው ተክል ማሰሮ ከተቀየረለት በኋላ አንድ ሁለት የታች ቅጠል ቢጥል አያስደነግጥም፤ ያለውን ሥር የሚመጥን ቅጠል ብቻ ያስቀራል።

አሁን የማጠጣው የቀን መቁጠሪያ አይቼ አይደለም። ሥሮቹ አረንጓዴ ከሆኑ እተወዋለሁ፤ ብርማ ሲሆኑና ማሰሮው በእጄ ሲቀለኝ ጠዋት ለብ ባለ ውኃ በደንብ አርሼ ሙሉ በሙሉ እንዲንጠፈጠፍ አደርጋለሁ። ቅጠሎቹ መሐል ውኃ ከገባ በጨርቅ ጫፍ እመጥጠዋለሁ፤ እዚያ የሚያድር ውኃ ጫፉን ያበሰብሳል።

ሁለት ወር ያህል ምንም አልታየም። ከዚያ አንድ ጠዋት ከሥራ ስመለስ፣ መሐሉ ላይ የጥፍሬን ያህል የምትሆን የምታበራ አረንጓዴ ቅጠል ብቅ ብላለች። ካፖርቴን እንደለበስኩ ቆሜ አየኋት። ፎቶ አንሥቼ በማግስቱ ለእናቲቱ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረዥም ጊዜ አዩትና «ሥሩስ?» አሉኝ።

ስልኬን ተቀብዬ ሁለተኛውን ፎቶ ከፈትኩላቸው፤ በፕላስቲኩ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ወደ ታች የሚወርዱ ሦስት አዳዲስ ሥሮች፣ ጫፋቸው ለምለም አረንጓዴ።