ቼክዲስክ ቪዲዮ ይበላል እንዴ?

ካርዱ ከቀረጻ የመጣ ነው፤ 32 ጊጋባይት። ካሜራው እየቀረጸ ሳለ ባትሪው አልቆ ድርግም ብሎ ነበር። ኤዲተራችን ኮምፒውተሯ ላይ ስትሰካው ዊንዶውስ «ይህ ድራይቭ ችግር አለበት፣ ፈትሼ ላስተካክል?» አላት። እሺ አለችው፤ ዊንዶውስም ቼክዲስክ የሚባለውን የዲስክ መፈተሻና ማስተካከያ ፕሮግራሙን አስኬደ። «ተስተካክሏል» ሲላት ከፈተችው። የጠዋቱ ቃለ መጠይቅ ፎልደር የለም!

አለቃችን ሰምተው መጡ። «ቼክዲስክ በላው በሉኛ!» አሉ። «ከአሁን በኋላ ይህን ነገር ማንም እንዳይነካው።»

«ኧረ እኔ ምን አደረግኩ?» አለች ኤዲተሯ። «ላስተካክል አለኝ፣ አስተካክል አልኩት።»

የቢሮው የአይቲ ሰው እኔ ስለሆንኩ ዳኝነቱ ለእኔ ተጣለ። ቼክዲስክ ቪዲዮ ከፍቶ አያይም። ምስሉ ይጥራ ይደብዝዝ፣ እሱን አያገባውም። የሚያየው የፋይል ሲስተሙን መዝገብ ነው፤ የትኛው ፋይል በየትኞቹ ክላስተሮች (የዲስኩ ትንንሽ ክፍልፋዮች) ላይ እንደተቀመጠ የሚናገረውን ሰንጠረዥ። ልክ እንደ ኦዲተር ሂሳቡ እንዲገጥምለት ይፈልጋል። ባለቤት የሌለው የክላስተር ሰንሰለት ሲያገኝ ቆርጦ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ፋይሉ መዝገቡ ላይ ከተጻፈው መጠን ካጠረ መዝገቡን ያሳጥራል። ሁለት ፋይሎች አንዱን ክላስተር የእኔ ነው ካሉ ደግሞ ቢያንስ አንዱ የሌላውን ዳታ ይዞ ይቀራል። ለእሱ «ተስተካከለ» ማለት መዝገቡ ተስማማ ማለት ነው። ቪዲዮሽ ዳነ ማለት አይደለም።

ስለዚህ አለቃችንም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም።

መጀመሪያ በካርዱ ጎን ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ታች ሳብኳት፣ ምንም እንዳይጻፍበት። ከዚያ የካርዱን ሙሉ ቅጂ አወጣሁና ሥራውን ሁሉ በቅጂው ላይ አደረግን። ድብቅ ፋይሎች እንዲታዩ ስናደርግ «ፋውንድ.000» የሚባል ፎልደር ብቅ አለ። ውስጡ «ፋይል0000.ሲኤችኬ» እያለ የሚቀጥል ረድፍ ተደርድሯል። አንዱን በሄክስ ኤዲተር፣ የፋይልን ባይቶች አንድ በአንድ በሚያሳይ ፕሮግራም፣ ከፈትኩት። ከአምስተኛው ባይት ጀምሮ ኤፍ፣ ቲ፣ ዋይ፣ ፒ የሚሉ አራት ፊደላት ቁጭ ብለዋል። ኤምፒፎር የሚባለው የቪዲዮ ፋይል ነው ማለት ነው! የፋይሉን ኤክስቴንሽን ወደ ኤምፒፎር ስንቀይረው ተጫወተ። ኤዲተሯ ወንበሯን ስባ መጣች።

አብዛኞቹ በዚሁ መንገድ ተከፈቱ። ስማቸው ግን ጠፍቷል፤ የትኛው የማን እንደሆነ እያየች አንድ በአንድ መሰየም ነበረባት። አሰልቺ ሥራ ነው።

አንዱ ብቻ ጭራሽ እምቢ አለ፤ ባትሪው ሲያልቅ እየተቀረጸ የነበረው። ብዙ ካሜራዎች የኤምፒፎርን ማውጫ፣ ማለትም ሙቭ የሚባለውን ክፍል፣ የሚጽፉት ቀረጻው ሲቆም ነው። እሱ ከሌለ ፕሌየሩ ከየት ጀምሮ ምን እንደሚያነብ አያውቅም። ይኼኛውን ቼክዲስክ አልበላውም፤ ካሜራው ራሱ አልጨረሰውም ነበር። በዚያው ካሜራ የተቀረጸ ጤነኛ ፋይል እንደ ናሙና በሚቀበል የጥገና ፕሮግራም አብዛኛውን አወጣነው። መጨረሻው አልተገኘም።

«እንግዲያው እገዳው ይቅር?» አሉ አለቃችን።

በከፊል ይቅር አልኳቸው። ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ ከሄደ ቼክዲስክ ያነባል፣ ይነግራል፣ ምንም አይጽፍም። ስላሽ ኤፍ ሲጨመርበት ነው መጻፍ የሚጀምረው። ስላሽ አር ደግሞ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያነባል። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ፣ ወይም በስማርት መረጃው (ዲስኩ ስለራሱ ጤንነት በሚመዘግበው) ላይ ሊነበቡ ያልቻሉ ሴክተሮች ቁጥር እየጨመረ ከሄደ፣ ለሰዓታት እንዲህ ማስጨነቅ ጨርሶ ሊገድለው ይችላል። ለዚያ ዓይነቱ ዲዲሬስኪው የሚባለው የመቅጃ ፕሮግራም ይሻላል። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ይቀዳል፣ ወደ ተበላሸው ቦታ በኋላ ይመለሳል። ጥገናው ከዚያ በቅጂው ላይ ይሞከራል።

አለቃችን ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አድርገው ሄዱ። ኤዲተሯ ግን አልለቀቀችኝም።

«እሺ፣ ነገ ያ መልእክት ተመልሶ ቢመጣ ምን ልበለው?»

«ዝጊው። መጀመሪያ ኮፒ አድርጊ። ኮፒው እምቢ ካለሽ ምንም ሳትነኪ ጥሪኝ።»