75 ፐርሰንቱ የት ገባ?

የዓይን ሐኪምም ተመራማሪም ልሁን ለሚል ጀማሪ ሁሉም ሰው የሚሰጠው ምክር "ጥሩ ሜንተር ፈልግ" ነው፣ አልቃወምም፣ ግን እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የማየው የሜንተሩን ፐብሊኬሽን ሳይሆን የልጁን የሳምንት ፕሮግራም ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለጀማሪ ሐኪም-ተመራማሪዎች የሚሰጡት ኬ08 እና ኬ23 የሚባሉት ግራንቶች (የምርምር ድጎማዎች) ሐኪሙ ከሥራ ጊዜው ቢያንስ 75 ፐርሰንቱን ለምርምርና ለሥልጠና እንዲያውል ያስገድዳሉ፣ ለሰርጀኖች አንዳንዴ 50 ድረስ ይፈቀዳል። ወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። ክሊኒኩ ሲጨናነቅ ግን "አንተ ዛሬ ሪሰርች ላይ ነህ አይደል፣ እስቲ ትንሽ አግዘን" ይባላል፣ እሱ ደግሞ ጀማሪ ስለሆነ እምቢ አይልም፣ በቃ ቀኑ ሄደ። ይሄን ቀን መጠበቅ ያለበት የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ነው እንጂ ልጁማ ከማን ጋር ይጣላ?

ዓይን ላይ ደግሞ የእጅ ጣጣ አለ። የሞራ ሰርጀሪ ማይክሮስኮፕ ስር፣ በጣም ስስ የሆነች የሌንስ የኋላ ሽፋን ሳይቀድዱ የሚሰራ ነገር ነው፣ እጅ የሚፈታው በመደጋገም ብቻ ነው፣ ላብራቶሪ የከረመው ልጅ ጓደኞቹ ሲያልፉት እያየ ይጨነቃል። ሁሉንም ሰርጀሪ ልያዝ ካለ አይሆንም። ምርምሩ ግላኮማ (የዓይን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ) ከሆነ ሰርጀሪውም ግላኮማ ይሁን፣ ሌላውን ለሌላ ይተው።

ታዲያ ክሊኒኩን ለምን ጨርሶ አይተወውም? የምርምሩ ጥያቄ ከክሊኒኩ ስለሚመጣ ነዋ! ቤቫሲዙማብን እዩ፣ 2004 ላይ ለአንጀት ካንሰር የተፈቀደ መድኃኒት ነው፣ 2005 ላይ ፊሊፕ ሮዘንፌልድ የሚባል የሬቲና (ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ሐኪም ዓይን ውስጥ ሰጥቶት ውጤቱን ሪፖርት አደረገ፣ በዓመቱ ለዓይን ተብሎ የተሰራው ራኒቢዙማብ ተፈቀደ፣ ዋጋው ግን በብዙ እጥፍ ውድ። ርካሹ አይበቃም ወይ ብሎ የሚጠይቀው ታካሚ ፊት የተቀመጠ ሐኪም ነው፣ ሻጩማ ምን በወጣው። ሁለቱን መድኃኒቶች ያነጻጸረው ካት የተባለው ጥናት በመንግስት ገንዘብ ተሰርቶ 2011 ላይ ሲወጣ፣ ሁለቱም በየወሩ ሲሰጡ በአንድ ዓመት ውስጥ የማየት ውጤታቸው ተመጣጣኝ ሆኖ ተገኘ።

እንዲህ ያለ ጥናት ግን ያለ ስታቲስቲሺያን አይታሰብም፣ ሥልጠናው ላይ በጣም የሚዘለለውም እሱ ነው። ዳታ ከተሰበሰበ በኋላ ወደ እሱ መሮጥ ዋጋ የለውም። ለምሳሌ የ100 ሰው 200 ዓይን ለክቶ "ናሙናዬ 200 ነው" የሚል ጀማሪ ሞልቷል፣ የአንድ ሰው ሁለት ዓይን እኮ ስለሚመሳሰል እንደ ሁለት የተለያየ ሰው አይቆጠርም፣ ይሄን ደግሞ ፕሮፖዛሉ ሲጻፍ ነው ማወቅ ያለበት።